አንድ ቅመም የተባለ አገር፦ አንድ የጋዜጣ ቀልድ እንዴት እንደተበላሸ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 የዋሽንግተን ፖስት መጽሔት አንድ የቀልድ ጽሑፍ አወጣ። አምደኛው የማይወዳቸውን ምግቦች እየዘረዘረ በየአንዳንዱ ላይ ያላግጣል። ከዝርዝሩ አንዱ የሕንድ ምግብ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጋዜጣው እርማት አወጣ፤ አምደኛውም ይቅርታ ጠየቀ።

ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግኩት ሁሉም ነገር የሆነው በአደባባይ ስለሆነ ነው። «ይህ ቀልድ ያስቀይማል ወይስ አያስቀይምም?» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ፈቀቅ አይልም። አንዱ «ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብዱ» ይላል። ሌላው «ንቀት ነው» ይላል። እዚያው ላይ ይቆማል። እዚህ ግን ቀልዱም፣ ቁጣውም፣ እምቢታውም፣ ይቅርታውም ተጽፎ ተቀምጧል። የቱ እርምጃ ነገሩን እንዳበረደ፣ የቱ እንዳባባሰው መለየት ይቻላል።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ሁሉም የታወቁ ናቸው፤ የፈለገ ያገኛቸዋል። እዚህ የሚያስፈልገን ነገሩ ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ ነው።

ሰውየውና አምዱ

አምደኛው ለዓመታት በየሳምንቱ ቀልድ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ተራ ቀልደኛ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2010 ሁለት ጊዜ ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት ወስዷል። የመጀመሪያውን ያስገኘለት ጽሑፍ በዓለም የታወቀ ቫዮሊን ተጫዋች ዋሽንግተን ውስጥ በባቡር ጣቢያ ቆሞ ሲጫወት፣ መንገደኛው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው እንዴት እንዳለፈ የሚተርክ ነው። ሰው ቆም ብሎ ባለማየቱ ምን እንደሚያመልጠው ጽፎ የተሸለመ ሰው ነው እንግዲህ።

በቀልድ አምዱ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ግን ሌላ ነው። ነጭናጫ፣ ግትር፣ ከራሱ በቀር ትክክል የሆነ ሰው የማይታየው ሽማግሌ። አንባቢው የሚስቀው በሚያጣጥለው ነገር ብቻ አይደለም፤ በአጣጣዩም ነው። ይህ አዲስ ስልት አይደለም። በእኛም መድረክ ገጠሬ መስሎ ከተማ የሚገባ ቀልደኛ ስንት ጊዜ አይተናል። አሳንሰር ውስጥ ገብቶ «ቤቱ ጠባብ ነው» ሲል የምንስቀው አሳንሰር ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው።

የስልቱ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አላዋቂ ገጸ ባሕርይ የሚያስቀው ተመልካቹ ስህተቱን ሲያውቅ ብቻ ነው። ተመልካቹ ስህተቱን ካላወቀ ግን ሞኝ መስሎ የሚያወራው ሰው የምሩን የሚናገር ይመስላል። ሳቁ የሚመጣውም ከሌላ ቦታ ነው፤ «አዎ፣ እውነቱን ነው!» ከሚል ስምምነት።

ቀልዱ ምን ይል ነበር

የጽሑፉ ርዕስ በግርድፉ «እነዚህን ምግቦች አታስበሉኝም» የሚል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ሃዘልነት የሚባለው ለውዝ አለ። አንቾቪ የተባለችው ጨዋማ ትንሽ ዓሣ አለች። ባልሳሚክ የሚባለው የጣሊያን ኮምጣጤም አለ። በእነዚህ ላይ የጻፈውን አንብቦ የተቆጣ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ወደ ሕንድ ሲደርስ አጀማመሩ ምስጋና ነው። ይህ ክፍለ አህጉር ለዓለም ቼዝን፣ የዜሮን ሐሳብ፣ ሻምፑን፣ በሰላማዊ መንገድ መታገልን ሰጥቶናል ይላል። ከዚያ ድንገት ይገለብጠዋል፦ በዓለም ላይ ሙሉ በሙሉ በአንድ ቅመም ላይ የቆመ ብቸኛው የምግብ ባህልም የእነሱ ነው። ቀጥሎ፣ የሕንድን ከሪ ከወደድክ የሕንድን ምግብ ወደድክ ማለት ነው ይላል። ከሪ ጥንብ አንሳን ከሥጋ ጋሪ ላይ የሚጥል ነገር መስሎ ከታየህ ደግሞ የሕንድ ምግብ አትወድም፤ አለቀ።

እንደ ቀልድ አሠራር ካየነው አወቃቀሩ ደህና ነው። ከፍ አድርጎ ይሰቅልና ይጥላል። የጥንብ አንሳዋ ነገርም ለብቻዋ ብትሆን ታስቃለች። ችግሩ ያለው ሁሉም ነገር በተንጠለጠለበት ምሰሶ ላይ ነው፤ «አንድ ቅመም» በሚለው።

ለምን አስቆጣ

መጀመሪያ ነገር ውሸት ነው። ከሪ የሚባል አንድ ቅመም የለም። በቆርቆሮ የሚሸጠው የከሪ ዱቄት ራሱ ድብልቅ ነው፤ እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ሌላም ይገባበታል። ያንን የተዘጋጀ ዱቄት በዓለም ያስፋፉት ደግሞ እንግሊዞች ናቸው። ሕንድ ቤት ውስጥ ቅመም የሚደባለቀው ለየወጡ፣ እንደየቤቱ ነው። ሕንድ 28 ግዛቶች አሏት። በደቡብ ዶሳና ኢድሊ ከተቦካ ሊጥ ይሠራሉ፤ እንጀራ ያደገበት ሰው ዶሳ ሲቀርብለት ብዙም አይደነግጥም። ቤንጋል ዓሣን በሰናፍጭ ይሠራል። ኬረላ ያለ ኮኮናት ምግብ የሚሠራ አይመስልም። ጉጃራት ብዙ ሥጋ የማይበላ ሰው ያለበት፣ ወጡም ጣፈጥ የሚል ግዛት ነው። ይህን ሁሉ «አንድ ቅመም» ማለት ሽሮውን፣ ክትፎውን፣ ቆጮውን፣ አልጫውን፣ ጨጨብሳውን ጠቅልሎ «የኢትዮጵያ ምግብ ማለት በርበሬ ነው» እንደማለት ነው። በርበሬውም ቢሆን ለብቻው በርበሬ አይደለም፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው የት ይሂድ?

ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ሃዘልነት ዘመድ የለውም። አንቾቪን ብትሰድባት «አያቴን ሰደብክ» ብሎ የሚመጣ የለም። የሕንድ ምግብ ግን ከቢሊዮን በላይ ሰው በየቀኑ የሚበላው ነው። አምደኛው አንድ ወጥ መርጦ ቢያላግጥበት ኖሮ ነገሩ ከሃዘልነቱ ጎን ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ለውዝና አገርን በአንድ ዝርዝር ውስጥ እኩል አስቀመጠ። ይህን ስህተት ኋላ ራሱም አምኗል።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያና ግንቦት ሕንድ በሁለተኛው የኮቪድ ማዕበል ተመትታ ነበር፤ ኦክስጅን ያጡ ሆስፒታሎች ምስል በዓለም ዞሯል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በእስያ ተወላጆች ላይ የሚደርስ ስድብና ጥቃት መነጋገሪያ የሆነበት ወቅት ነው። ቀልድ የሚደመጠው ከተነገረበት ወር ጋር ነው። ጸሐፊው ይህን አላሰበበት ይሆናል፤ አንባቢው ግን ረስቶ ማንበብ አይችልም።

አራተኛው የቆየ ነገር ነው፤ ለእኔ ዋናውም ይኼ ነው። አሜሪካ ውስጥ የስደተኛ ልጅ ሆኖ ምሳ ዕቃውን ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። «ምንድን ነው የሚሸተው?» የምትል ጥያቄ። የሕንድ ልጆች ሰምተዋታል። የጣሊያን ስደተኞች ልጆች በነጭ ሽንኩርታቸው ሰምተዋታል። ወጥ ይዘው የሄዱ የሐበሻ ልጆችም ሰምተዋታል።

እኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ደርሶናል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቀልድ የሚባል ነገር ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ ኢትዮጵያ ሬስቶራንት ገባሁ፣ ባዶ ሳህን አቀረቡልኝ። ይህን ቀልድ የሚያወራው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አልነበረም። በቴሌቪዥን ካየው ረሃብ በቀር ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም፤ በቃ። ያን ጊዜ ዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ሐበሾች እንጀራ እየጋገሩ ሬስቶራንት ይከፍቱ ነበር። እያንዳንዱ የገባ ደንበኛ ቀልዱን ይዞት ይመጣል። አስተናጋጁም ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማው ሳይናገር ፈገግ ይላል። የሕንድ ምግብ ላይ የተቀለደው ቀልድ ከዚህ ለስለስ ያለ ነው። ቤተሰቡ ግን አንድ ነው፤ አንድን አገር በቴሌቪዥን ባየኸው ወይም በአንድ ምሳ በቀመስከው ልክ መቁረጥ።

ከዚያ የሆነው

ጽሑፉ እንደወጣ ትዊተር ላይ ተቃውሞ ተነሳ። የአምደኛው የመጀመሪያ መልስ ይቅርታ አልነበረም። በከተማው አንደኛ ወደሚባለው የሕንድ ሬስቶራንት ሄዶ በላ። ተመልሶም ጻፈ፦ ምግቡ በሚያምር ሁኔታ ተሠርቷል፤ ግን አጥብቄ በምጠላቸው ቅጠላ ቅጠልና ቅመሞች የተሞላ ነው፤ ከተናገርኩት የማነሳው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚህ መልእክት ውስጥ ሰውየው «ቅመሞች» ብሎ በብዙ ቁጥር ነው የጻፈው። በአምዱ ላይ አንድ ነበር። ምላሱ ልዩነቱን አውቋል ማለት ነው። ቀልዱን ግን አላስተካከለም።

ከዚህ በኋላ እሳቱ ጨመረ። ሕንድ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ በምግብ ፕሮግራሞቿ የምትታወቅ አቅራቢ ጽሑፉን አንስታ፣ በ2021 ዓመት ጋዜጣው ሊያሳትም የሚፈልገው እንዲህ ያለ የቅኝ ገዢ አስተያየት ነው ወይ ስትል ጠየቀች። የሕንድ ዝርያ ያላት አንዲት የኮሜዲ ተዋናይት ደግሞ ለስለስ ብላ ገባች። ምግቡን አለመውደድ ምንም አይደለም፤ ባለመውደድ መኩራራት ነው የሚገርመው፤ ዝም ብሎ አለመውደድም ይቻላል አለች።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት የአንዲት ስፖርት ጋዜጠኛ መልስ ነው። የሕንድ ሰዎች በወረርሽኝ ውስጥ ሆነው እንኳ ደግነትና ከቤት ቤት የሚለያይ ድንቅ ምግብ ለዓለም እንደሚያካፍሉ ጻፈች። ከዚያ ወደ እርግማን ዞረች፦ ሩዝህ ይለጣጠፍ፣ ሮቲህ ይድረቅ፣ ሚጥሚጣህ ምሕረት አያድርግልህ፣ ሻይህ ይቀዝቅዝ፣ ፓፓዳምህ ይልፈስፈስ። የእኛ እናቶች ቢያነቡት «ተባረኪ» የሚሏት ዓይነት እርግማን ነው። ልብ በሉ፣ ይሄም ፌዝ ነው፤ ያውም የሚያቆስል። ግን እያንዳንዱ መስመር ዕውቀት አለበት። ፓፓዳም (ስስ፣ ደረቅ፣ ሲነከስ የሚንኮሻኮሽ ቂጣ ነው) ከተልፈሰፈሰ ምን እንደሚቀር የምታውቅ ሴት ናት የጻፈችው።

ከዚያ ጋዜጣው እርማት አወጣ። የቀደመው ጽሑፍ የሕንድ ምግብ በአንድ ቅመም፣ በከሪ፣ ላይ የተመሠረተ እንደሆነና ከከሪ ወጥ በቀር ሌላ እንደሌለው አድርጎ በስህተት ማቅረቡን ገለጸ። በእውነቱ እጅግ የተለያዩት የሕንድ የምግብ ባህሎች ብዙ የቅመም ድብልቆችንና ብዙ ዓይነት ምግቦችን ይዘዋል አለ። ዓረፍተ ነገሩም ተቀየረ።

አምደኛውም ይቅርታ ጠየቀ። ጽሑፉ ከነሥዕሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔ ምን ያህል ነጭናጫ፣ ሕፃንና አላዋቂ እንደሆንኩ የሚናገር ነበር አለ። ቀጥሎ ግን ዋናው ነገር መጣ፦ የአንድን አገር ምግብ ሁሉ ሳይሆን አንድ የሕንድ ወጥ መጥቀስ ነበረብኝ፤ ጅምላው እንዴት እንደሚሰድብ ይታየኛል፤ ይቅርታ።

በመጨረሻም ጋዜጣው ለምግብ ፕሮግራም አቅራቢዋ ገጽ ሰጣት። መልሷ ቁጣ ብቻ አልነበረም። የስደተኞች ምግብ «ይሸታል» እየተባለ ስንት ትውልድ እንደተሰደበ አስታወሰች። ቀልዱን ግን ከሁሉ በላይ የመታችው በቀልድነቱ ነው፤ ምናብ የሌለው፣ መጨረሻው ላይ የሚያስቅ ነገር የሌለው ቀልድ አለችው። ለቀልድ ጸሐፊ ከዚህ የከፋ ፍርድ ያለ አይመስለኝም።

የሠራውና ያልሠራው

ወደ ሬስቶራንቱ መሄዱ አልሠራም። ነገሩ ፍትሐዊ ይመስላል፤ «ይኸው ሄጄ ቀመስኩ» ነው። ጥያቄው ግን የእሱ ምላስ አልነበረም። ማንም ሰው ከሪ እንዲወድ አልለመነውም። የተባለው «ያልከው እውነት አይደለም» ነው። እሱ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያልተጠየቀውን መልሶ የተጠየቀውን ሲዘለው ቁጣው ጨመረ።

«ስለ ራሴ ነው የቀለድኩት» የሚለውም ብቻውን አልሠራም። ሰበብ ነው እያልኩ አይደለም፤ እውነት ይመስለኛል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው አምደኛው ራሱን አለቃቃሽ ሕፃን አድርጎ እንደሣለ ያያል። ነገር ግን ቅድም ያልኩት ቁልፍ እዚህ ጠፍቷል። ገጸ ባሕርዩ አላዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው ግን ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ሁለቱ እኩል የማያውቁ ሆነው ተገኙ። በመካከላቸው ርቀት ከሌለ አንባቢው በምን ይስቅ? ስለ ሕንድ ምግብ የማያውቀው አንባቢ «አንድ ቅመም» የሚለውን እንደ መረጃ ይወስደዋል። የሚያውቀው ደግሞ ጸሐፊው እንደማያውቅ ይታየዋል። ሁለቱም በአላዋቂው ገጸ ባሕርይ አልሳቁም።

እርማቱ ግማሽ ሠራ። አስፈላጊ ነበር፤ የተሳሳተ ነገር በጋዜጣ ላይ አይቆይም። ግን ያስቃልም። «የዚህ ቀልድ የቀደመ ቅጂ በስህተት…» ብሎ የሚጀምር ማስታወሻ ያለበት ቀልድ ሞቷል። እርማቱ ሳያስበው አንድ ነገር አሳየ። ጋዜጣው ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበው መታረም እንዳለበት የመረጃ ስህተት ነው። ጥሩ ግነት እርማት አያስፈልገውም። «ወጡ ጥንብ አንሳ ይጥላል» የሚለውን ማንም አላረመውም፤ ግነት መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

በደንብ የሠራው ከይቅርታው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የተሰማው ሰው ካለ ይቅርታ» ዓይነት ጭጋግ አልነበረም። ምን እንዳጠፋ፣ በምትኩ ምን መጻፍ እንደነበረበት፣ ለምን እንደሚሰድብ ተናገረ። እንዲህ ያለ ይቅርታ ለቀጣዩ ጸሐፊም ይጠቅማል። ቢዘገይም ገጽ መስጠቱም ሠርቷል፤ ቀልዱን ያነበበ ሰው መልሱን እዚያው ቤት አገኘው።

በዚህ አጋጣሚ «ዝም ብሎ አለመውደድም ይቻላል» ከሚለው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለተራ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ ሰርግ ቤት ተጋብዞ ወጡን የሚያማርር እንግዳ ማን ይወዳል? የቀልድ ጸሐፊ ሥራው ግን ዝም አለማለት ነው። ምግብን ማማረር ቆየት ያለ የቀልድ ዘርፍ ነው፤ ይዘጋ ማለት ከባድ ነው። የሚጠየቀው ጸሐፊው ያማረረውን ነገር ማወቁ ነው።

ሁለት ማነጻጸሪያ

በዚያው ዓመት፣ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ አንድ የአሜሪካ የማታ ቴሌቪዥን ትዕይንት ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሞት ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። እንግዳው አስቸጋሪ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ካልመለሰ ጠረጴዛው ላይ ካለው «አስጠሊታ» ምግብ ይበላል። ከምግቦቹ ውስጥ ባሉት የሚባለው ፊሊፒንስ ውስጥ የሚወደደው ጫጩት የያዘ የዳክዬ እንቁላልና የቻይናው የቆየ እንቁላል ነበሩ። አንዲት የእስያ ዝርያ ያላት ወጣት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመ። አቅራቢው በሬዲዮ ቀርቦ፣ ያንን ጨዋታ በሚቀጥለው ጊዜ ስንሠራ እነዚያን ምግቦች አንጠቀምም አለ።

ይህ ከጋዜጣው ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። እዚህ የተሳሳተ መረጃ የለም። ባሉት ባሉት ነው። ችግሩ ምግቡ የቀረበበት ቦታ ነው፤ የአንድ ሰው ቁርስ የሌላው ሰው ቅጣት ሆነ። ስለዚህ እርማት አይበቃም፤ መቀየር ያለበት ጨዋታው ነው።

ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ስዊድን ማልሞ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የአስጠሊታ ምግቦች ሙዚየም ነው። ስሙን የሰማ ሰው ይኼማ የባሰ ነው ሊል ይችላል። ግን ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡት ወደ 80 ምግቦች ውስጥ የራሳቸው የስዊድኖቹ ሱርስትሮሚንግ አለበት፤ የተቦካ፣ ቆርቆሮው ሲከፈት ሰፈር የሚያስለቅቅ ዓሣ ነው። አሜሪካኖች የሚወዱት ሩት ቢር የሚባለው ለስላሳ መጠጥም አለበት። ጎብኚው የራሱን አገር ምግብ ከሌሎቹ ጎን ሲያገኘው መጀመሪያ ይከፋዋል፤ ከዚያ «አስጠሊታ ያለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሙዚየሙን የሚወቅሱ ሰዎች አሉ፤ ስሙም እኔን አይመቸኝም። ቢሆንም ራሱን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ለእኛ የቀልድ ሰዎች

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ውጭ ሰዎችና ስለ ምግባቸው የሚቀልደው ብዙ ነው። ከዋሽንግተኑ ጉዳይ የሚወሰድ ነገር ካለ እዚህ ላይ መሞከር አለበት።

ሕንዶችን እንውሰድ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ የሕንድ መምህራን አስተምረዋል፤ ኋላም በዩኒቨርሲቲዎች። ስለ እነሱ ሁለት ዓይነት ቀልድ አለ። አንደኛው ስለ ሽታ ነው፤ ስለ ጸጉር ዘይትና ስለ ቅመም። የመምህሩን ስም ብትቀይር ለማንም የውጭ ሰው የሚሆን፣ ምንም ዕውቀት የማይጠይቅ ቀልድ ነው። ሁለተኛው ስለዚያች የራስ ንቅናቄ ነው። ተማሪው «ቲቸር፣ መልሱ ትክክል ነው?» ይላል፤ መምህሩ ራሳቸውን ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል ያደርጋሉ፤ ተማሪው አዎ ይሁን አይደለም ሳያውቅ ዓመቱ ያልቃል። በዚህኛው የሚሳቅበት ተማሪው ነው። ቀልዱን ለማውራትም መምህሩን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። መምህሩ ራሳቸው ቢሰሙት ሳይስቁ አይቀሩም።

ቻይናውያንን ደግሞ እንይ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ቻይናውያን ቢሾፍቱ ላይ የከፈቱት የአህያ ቄራ በሕዝብ ቅሬታ ተዘጋ። ቅሬታው የራሱ ምክንያት ነበረው፤ አህያ በእኛ ባህልና ሃይማኖት የሚታረድ እንስሳ አይደለም፣ ለገበሬውም ጉልበቱ ነው። ከቅሬታው ጋር የመጣው የቀልድ ጎርፍ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ስለ ሥጋው ነበር፤ «ሰፈራችን ቻይና ምግብ ቤት ተከፈተ፣ አህያችንን እንሠር»። ውሻ ሲጠፋም ያው ቀልድ ይደገማል። የዚያ ንግድ ዋና ሀብት ግን ቆዳው ነው። ቻይና ውስጥ ኢጂያኦ ለሚባል የባህል መድኃኒት ቆዳው እየተቀቀለ ይጣራል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ አፍሪካ ውስጥ አህያ በብዙ ቦታ እየተመናመነ ነው። ቀልደኛው ይህን ቢያውቅ ኖሮ እጁ ላይ የተሻለ ፌዝ ነበረው። በሰው ምግብ ላይ ከመሳቅ ይልቅ አህያውን ስለሸጠው ነጋዴ፣ ፈቃዱን ሰጥቶ መልሶ ስለዘጋው ቢሮ፣ ለቁንጅና ሲባል አህያ ስለሚጠጣ ሀብታም መቀለድ ይችል ነበር። ባለማወቁ ቀላሉን ወሰደ።

ስለዚህ ለአርታኢና ለቀልድ ጸሐፊ የምመክረው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ማጣራት። ቀልዱ የቆመበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ለይቶ ማውጣትና እውነት መሆኑን መጠየቅ። እውነት ካልሆነ፣ አንባቢው ውሸት መሆኑን ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ። ካላወቀ ግነት አይባልም፤ ወሬ ነው። ከዚያ መጠኑን ማየት፤ አንድ ወጥ ይበቃል ወይስ አገር ያስፈልጋል? አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ይበቃል፤ ያስቃልም ይበልጥ፣ ምክንያቱም ዝርዝር ያለበት ነገር ነው የሚያስቀው። ጽሑፉን የዚያ አገር ሰው ቢያነበው ምን ይላል ብሎ ማሰብም ሰው እንዳይከፋው ብቻ አይደለም፤ ስህተቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው። በጋዜጣው ጉዳይ አንድ ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባ ጽሑፉን ቀድሞ ቢያየው «አንድ ቅመም» የሚለው ያልፍ አይመስለኝም።

በእኛ በኩል «እነሱ መቼ ያነቡታል» የሚል ምቾት አለ። ቤጂንግ ውስጥ አማርኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። የግንባታ ሳይት ላይ ስለ ሲሚንቶ በአማርኛ የሚከራከር፣ ስድቡንም ከሠራተኛው የለመደ የቻይና ፎርማን ማግኘትም ብርቅ አይደለም።